የተቆለፈ ዜማ

«ቀዳ» የሚለው ግሥ በቋንቋችን ውስጥ ሰፊ አገልግሎት አለው። ልጃገረድ ከምንጭ ውኃ ትቀዳለች፤ አሳላፊ ከጋን ጠላ ይቀዳል፤ ዘፈን የወደደ ሰው ደግሞ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው ይቀዳል። «ወደደ» ከሚለው ግሥ «ወዳጅ» እንደ ተገኘ ሁሉ፣ «ቀዳ» ከሚለውም «ቅጂ» የሚለው ስም ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም። ድግስ የዋለበት ጋን ሲመሽ አተላው ብቻ ይቀራል። ዘፈን ግን መቶ ጊዜ ቢቀዳ ከተቀዳበት ካሴት ላይ አንዲት ድምፅ አትጎድልም። ሰው ዘፈን ሲቀዳ የሰረቀ የማይመስለው ስለዚህ ነው፤ ከባለቤቱ ቤት አንዳች ነገር ሲወጣ አላየምና።

ነገር ግን የሚጎድል አለ። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የዓባይን በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ያገኛታል። እኔ በዚያች ከተማ አስተምር በነበርሁበት ዘመን ከሻይ ቤቱ፣ ከልብስ ሰፊው ደጃፍና መንገደኛ ለማውረድ ከቆመው አውቶቡስ የሚሰማው ዘፈን ሁሉ ከካሴት የሚወጣ ነበር። በዚያው ጊዜ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እየተዘዋወረ የሚጫወት አንድ ማሲንቆ መቺ ዐውቅ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ግጥሙም የሰላ ነበር። አንድ ምሽት ከጠጪዎቹ መካከል አንዱ ቴፑን ከአግዳሚው ሥር ደብቆ ጨዋታውን ከዳር እስከ ዳር ቀዳው። ካሴቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ደብረ ማርቆስ ገባ። ማሲንቆ መቺው ከወራት በኋላ ለበዓል ወደዚያው ቢሄድ በገባበት ጠጅ ቤት ሁሉ የተቀበለው የገዛ ድምፁ ሆነ። ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁትና እንዴት እንደ ሰነበተ ብጠይቀው፣ «ምን እሰነብታለሁ መምህር! ድምፄ በአውቶቡስ ሄደ፣ እኔ በእግሬ ተከተልሁት። ስደርስ ለእሱ ተከፍሎ አልቋል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቅጂ መብት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ ጉዳዩን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። እንግዲህ ለዘፋኙ ማሰብ ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ዘፈን ያለ ፈቃድ እንዳይቀዳ ቁልፍ ማበጀትም ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ልመረምር የፈለግሁት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቁልፉ ከተበጀ በኋላ መክፈቻው በማን እጅ ይቀመጣል?

የጥንቱን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈ ግዝት ማግኘቱ የተለመደ ነው። የግዝቱ ቃል መጽሐፉን የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። ብራና በብዙ ድካምና ወጪ የሚዘጋጅ ስለ ነበረ የቀደመውን ጽሑፍ ፍቆ በላዩ ሌላ ለመጻፍ የሚቃጣው ሰው አይጠፋም ነበር። ልብ በሉ፤ ግዝቱ የሰረቀንና የፋቀን እንጂ የገለበጠን አይነካም። እንዲያውም መጽሐፍ መገልበጥ እንደ ትልቅ በጎ ሥራ ይቆጠር ነበር። ቁም ጸሐፊው ተቀምጦ ገልብጦ የድካሙን ዋጋ ካስጻፈው ሰው ይቀበላል፤ መጽሐፉም በአንዱ ደብር ቢቃጠል በሌላው ይተርፋል። በእጃችን የሚገኘው የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ዘመናትን የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ላይ ግን የአባቶቻችን ዘመን የደራሲን ድካም አያውቅም ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያሰማል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ደግሞ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። «ቅኔ ዘረፈ» የሚለውን አነጋገር የሰማ እንግዳ በነገሩ ሊደናገር ይችል ይሆናል፤ ዘረፋው ግን ከሌላ ሰው ላይ ሳይሆን ከራስ አእምሮ ነው።

የሙዚቃ ነገር በአገራችን በሕግ ቁልፍ የተዘጋበት ጊዜም ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የዘፈን ሸክላ የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በዚህ ምክንያት አዲሶቹ ዘፋኞች በየምሽት ክበቡ እየዘፈኑ ድምፃቸው በሸክላ ሳይቀረጽ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ መደብር ባለቤት የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸና ሸክላውን በሕንድ አገር አሳተመ። አስቀድሞ ተቆጪ ነበረ፤ ነገር ግን የሚከለክለው ሳይገኝ ቀርቶ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን ለማውጣት ቻለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን እየተባለ የሚነገርለት ዘመን ድምፁ የተረፈልን በአብዛኛው በእነዚህና እነዚህን ተከትለው በወጡ ሸክላዎች ነው። ዐዋጁ የወጣው ሙዚቃን ለመጉዳት አልነበረም። ሆኖም መክፈቻው በአንድ እጅ ብቻ ሲቀመጥ፣ ያ እጅ ቢሰንፍ በሩ እንደ ተዘጋ ይቀራል።

ከሸክላው በኋላ የመጣው ካሴት ነው። ካሴትን ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም አስተዋወቀ። ኩባንያው ብልሃቱን ለብቻው ይዞ ቢቀር ኖሮ የፊሊፕስ ካሴት የሚጫወተው በፊሊፕስ ቴፕ ብቻ በሆነ ነበር። እርሱ ግን ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ መጠኑንና አሠራሩን ሳይለውጡ እስከ ጠበቁ ድረስ ሁሉም ያለ ክፍያ እንዲሠሩት ፈቀደ። የዚህ ውሳኔ ፍሬ ሉማሜ ድረስ ደርሷል። አዲስ አበባ የተገዛው ካሴት በልብስ ሰፊው ሳንዮ ቴፕም ሆነ በሻይ ቤቱ ሶኒ ቴፕ ያለ ልዩነት ይጫወት ነበር፤ ሻጩ ማን እንደ ሆነ ቴፑ አይጠይቅም። ክሩ ሲጠላለፍም እስክሪብቶ ከቀዳዳው አስገብቶ ማጠንጠን የሁሉም ሰው ሙያ ነበር።

የካሴትን ሥሪት በሚመለከት አንዲት ትንሽ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በካሴቱ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። እነርሱን የሰበረ ሰው ቴፑ በዚያ ካሴት ላይ ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳ ይከለክላል፤ ያለው ዘፈን በስሕተት ከመጥፋት ይድናል። ሐሳቡን የለወጠ ደግሞ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቆ እንደገና ይቀዳበታል። ይህም እንደ ብራናው ግዝት ሁሉ የመፋቅ እንጂ የመገልበጥ ቁልፍ አይደለም። መዝጋቱም መክፈቱም የካሴቱ ባለቤት ፈንታ ነው።

ማሲንቆ መቺው ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በሕይወቱ ሳለ ድምፁን ለማስቀረጽ የጠራው አሳታሚ አልነበረም። ዛሬ ከእርሱ የቀረ ድምፅ ቢኖር ያ ከአግዳሚ ሥር በስርቆት የተቀዳው ካሴት ብቻ ነው፤ የቅጂ ቅጂ በመሆኑም ከዘፈኑ ይልቅ ሹክሹክታው ይበልጣል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ፍርዴ ለሁለት ይከፈላል። ያ ጠጪ የዕለት እንጀራውን ወስዶበታል፤ ድምፁን ያተረፈልንም ያው ጠጪ ነው።

ሹክሹክታ ያልሁት የካሴት ጠባይ ነው። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ድምፁ በየጊዜው ስለሚደበዝዝ ከአምስተኛው ቅጂ በኋላ ጆሮ ይሰለቸዋል። የዲጂታል ዘመን ይህን የተፈጥሮ ልጓም አነሣው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ በቀረበው ሲዲ ላይ ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ቁጥር ደግሞ አይደበዝዝም፤ ሺኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በተስፋፉ ጊዜ፣ ይልቁንም ናፕስተር የተባለው የዘፈን መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተጀመረ በኋላ፣ የዘፈን አሳታሚዎች ታላቅ ድንጋጤ ላይ ወደቁ። ያደረባቸው ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም። የማሲንቆ መቺው ዕጣ በመላው ዓለም ዘፋኞች ላይ ደርሷልና።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የተፈጠረው የዲጂታል ቁልፍ ነው። የተቆለፈ ዘፈን ማለት ቁጥሮቹ በምስጢር ሥርዐት ተመሰቃቅለው የተቀመጡበት ዘፈን ማለት ነው። የተመሰቃቀለውን መልሶ የሚያስተካክል ሌላ አጭር ቁጥር አለ፤ መክፈቻው እርሱ ነው። ገዢው ዘፈኑን በአዲስ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያጫውት ሲል መሣሪያው በሩቅ አገር የሚገኘውን የሻጩን ኮምፒዩተር «ይህ ሰው ተፈቅዶለታልን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አዎን ከሆነ መክፈቻው ይላካል፤ መልስ ካልመጣ ግን ዘፈኑ የቁጥር ክምር ሆኖ ይቀራል።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ የማይታረቅ ነገር አለ። ዘፈን ይደመጥ ዘንድ የግድ መከፈት አለበት። ስለዚህ ቁልፉን የሚያበጀው ኩባንያ መክፈቻውን፣ በብዙ መጋረጃ ሸፍኖም ቢሆን፣ ለዚያው ለሚጠረጥረው ሰው መስጠት ግዴታው ነው። በሙያው የሠለጠነ ሰው መጋረጃውን ገልጦ ያወጣዋል። ያልሠለጠነውም ቢሆን ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን በሌላ መሣሪያ መልሶ መቅዳት ይችላል። ቁልፉ የሚከብደው እንግዲህ በሌባው ላይ ሳይሆን ዋጋውን ከፍሎ በገዛው ላይ ነው።

ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. አሜሪካን አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የጥንት የአማርኛ ዘፈኖችን ከአንድ የኢንተርኔት መደብር በገንዘቡ ገዝቶ፣ በፍላሽ አድርጎ፣ በመንገደኛ እጅ ወደ ሉማሜ ላከልኝ። በደስታ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄጄ ፍላሹን በኮምፒዩተር ላይ ሰካሁት። የዘፋኞቹ ስምና የዘፈኖቹ ርእስ በሙሉ በመስኮቱ ላይ ተዘረዘረ። የመጀመሪያውን ለመክፈት ስሞክር ግን ኮምፒዩተሩ ፈቃድ የለህም፣ በኢንተርኔት ጠይቅ አለኝ። በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ የተዘፈነ፣ በልጅነቴ ከጎረቤት ሬዲዮ የሰማሁት፣ ቃሉን ሁሉ በቃሌ የማውቀው ዘፈን ነው፤ ከባሕር ማዶ ፈቃድ ሳይመጣ በጎጃም ምድር አልሰማ አለ። ወንድሜ ለመደብሩ ቢጽፍ፣ ፈቃዱ ከገዛበት ኮምፒዩተር ጋር የተሳሰረ ነው የሚል መልስ ደረሰው። በመጨረሻ ያደረገውን ብታዩ ያስቃል። ከኮምፒዩተሩ ወደ አሮጌ ቴፑ ሽቦ ዘርግቶ ዘፈኖቹን እያጫወተ በካሴት ቀዳቸውና ላከልኝ። በዚያ ዘመን ዘፈኖቹን ከመንገድ ላይ ሻጭ በሕገ ወጥ ሲዲ የገዛ ጎረቤቴ ግን ምንም ችግር አልገጠመውም።

በዓለም ላይ የደረሰውም ከዚህ የሚመሳሰል ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2003 «አይቲዩንስ» የሚባል የዘፈን መደብር ከፍቶ አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ተመጣጣኝ ስለ ነበረ ገዢው እጅግ በዛ። የተቆለፈው ዘፈን ግን በኪስ ከሚያዙት ማጫወቻዎች መካከል በአፕል «አይፖድ» ላይ እንጂ በተፎካካሪዎቹ ማጫወቻዎች ላይ አይጫወትም ነበር። ነገሩን ወደ እኛ አገር ብናመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከእህል ነጋዴ ጤፍ ይገዛል። ነጋዴው «ጤፉ ያንተ ነው፤ ነገር ግን በእኔ ምጣድ ካልሆነ በቀር አይጋገርም» ይለዋል። ሰውየው በመጀመሪያው ወር አይከፋም፤ ምጣዱ ጥሩ ነውና። ጎተራው በሞላ ቁጥር ግን ምጣዱን መለወጥ እያቃተው ይሄዳል፤ ሌላ ምጣድ ቢያምረው ጎተራውን ሙሉ መተው ይኖርበታልና። ስለዚህም ብዙ የገዛ ሰው ይበልጥ የታሰረ ይሆናል። ቁልፉ የተሠራው ዘፈን እንዳይሰረቅ ነው ቢባልም፣ በተግባር ገዢው ወደ ሌላ ሻጭ እንዳይሄድ የሚያግድ አጥር ሆኗል።

የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ራሱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ ቁልፉ እንዲቀር ጠየቀ፤ አድርጉ ብለው ያስገደዱን አሳታሚዎቹ ናቸው ሲልም ጻፈ። በ2009 መጀመሪያ አሳታሚዎቹ ተስማምተው የመደብሩ ዘፈኖች ሁሉ ያለ ቁልፍ እንዲሸጡ ተወሰነ። ቀድሞ የተቆለፈውን የገዙት ደንበኞች ግን ቁልፉ እንዲነሣላቸው በየዘፈኑ 30 ሳንቲም መክፈል ነበረባቸው። አንድ ጊዜ ለዘፈኑ፣ አንድ ጊዜ ለነፃነቱ ማለት ነው።

ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ለራሱ የቁልፍ ሥርዐት ያወጣለት ስም «በእርግጥ ይጫወታል» የሚል ትርጉም ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው «ዙን» የተባለውን ማጫወቻ ሲያወጣ በእርግጥ ይጫወታሉ የተባሉት ዘፈኖች በእርሱ ላይ አልተጫወቱም። በ2008 ደግሞ የዘጋውን የዘፈን መደብር ደንበኞች፣ ፈቃድ ሰጪውን ኮምፒዩተር ላጠፋው ነውና ከእንግዲህ ዘፈናችሁን ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ማዛወር አትችሉም ሲል አስታወቃቸው። ደንበኞቹ ስለ ጮኹ ቀኑን እስከ 2011 መጨረሻ አራዘመላቸው። ሶኒ ቢኤምጂ የተባለው አሳታሚ ያደረገው ከዚህ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሸጣቸው በርካታ ሲዲዎች ውስጥ ቅጂን የሚከለክል ስውር ፕሮግራም አኖረ፤ ፕሮግራሙም ሲዲውን በኮምፒዩተሩ ላይ ባጫወተ ሰው ቤት ራሱን ሸሽጎ ይቀመጥና ለሌሎች አጥፊ ፕሮግራሞች መደበቂያ ይሆን ነበር። ጉዳዩ በታወቀ ጊዜ ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። የገዛው ሲዲ ሰላይ የሆነበት ደንበኛ ከዚያ በኋላ ሕጋዊ ሲዲ ቢፈራ ምን ይፈረድበታል?

ከሙዚቃ ወጣ ብዬ አንድ የመጽሐፍ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪዎች የቀረበ ነውና። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 አማዞን የተባለው ኩባንያ በኤሌክትሮኒክ ንባብ ለሸጣቸው ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት የሻጩ መብት ትክክል እንዳልሆነ ስለ ተረዳ፣ መጻሕፍቱን ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ በሩቁ አጠፋቸው። ገንዘባቸውን መለሰላቸው። ከገዢዎቹ አንዱ ለትምህርቱ መጽሐፉን እያነበበ ማስታወሻ ይይዝ የነበረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ መጽሐፉ ሲጠፋ ማስታወሻው የሚያመለክተው ገጽ አጥቶ ከንቱ ሆነ። እንግዲህ የብራናውን ግዝት አስታውሱ። ግዝቱ መፋቅን ከልክሎ መገልበጥን ፈቅዶ ነበር። የዲጂታሉ ቁልፍ ነገሩን ገልብጦታል። ገዢው እንዳይገለብጥ ይከለከላል፣ ሻጩ ግን በሩቅ ሆኖ መፋቅ ይችላል።

በአገራችን የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተደንግጎ ይገኛል፤ ራሱን የቻለ ዐዋጅ የወጣለት ግን በ1996 ዓ.ም. ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። የዚያኑ ያህል ይህ ዐዋጅ፣ አንድ ሰው ታትሞ የወጣን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለ መብቱ ሊከለክለው እንደማይችል በመርሕ ደረጃ ይደነግጋል። ሕጉ የሚሸጠውን ከማይሸጠው፣ የብዙውን ከአንዱ ለይቶ ያያል። ቁልፍ ይህን መለየት አይችልም። ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ የሚያስቀምጠውን አስተማሪና ሺህ ሲዲ አባዝቶ የሚሸጠውን ነጋዴ በአንድ ዓይን ይመለከታል። ሃምሳው ዓመት ማለቁንም አያውቅም።

ያም ሆኖ ሙዚቀኞቻችን ዐዋጁ ወጣ ብለው እፎይ አላሉም። የሲዲው ዘመን አልፎ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ መጫን በጀመረ ጊዜ ገቢያቸው ይበልጥ ተመናመነ። በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለ የዘፈን መሸጫ መተግበሪያ ሥራ የጀመረው ይህን ለማስተካከል ነው። ካቋቋሙት ሙዚቀኞች መካከል በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር ያረፈው አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ «ሰዋስው» የተባለው ሌላው መተግበሪያ ተከተለ፤ የሰዋስው መጽሐፍ ለምታነቡ ለእናንተ ስሙ እንግዳ አይሆንባችሁም። የእነዚህ ሰዎች ጥያቄ የማሲንቆ መቺው ጥያቄ ስለ ሆነ እኔ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ለዘፈን ገንዘብ መክፈል ልማድ እስኪሆን ድረስም ብዙ ድካም ይጠይቃል።

የምከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ «ገዛ» የሚለው ግሥ በዋጋ የራስ ማድረግንም፣ ማስተዳደርንም ያመለክታል። በሬ የገዛ ሰው በሬውን ይጠምዳል፣ ያውሳል፣ ለልጁ ያወርሳል። «ተከራየ» የሚለው ግሥ ከዚህ የተለየ ነው፤ ቤት የተከራየ ሰው በወሩ መጨረሻ እንደሚወጣ ያውቃል፣ አይከፋውምም። ዛሬ በወር ክፍያ ዘፈን የሚያሰሙ ድርጅቶች በዓለም ላይ በዝተዋል፤ ክፍያው በተቋረጠ ጊዜ በስልኩ ላይ የተቀመጠው ዘፈን አይከፈትም። ይህ ኪራይ ነው፤ ኪራይ መሆኑ እስከ ተነገረ ድረስ ነውር የለበትም። ነውሩ ለኪራይ «ግዙ» የሚለውን ቃል መጠቀም ነው። የሸጠ ሰው ደግሞ መክፈቻውን ከዕቃው ጋር ያስረክባል፤ መደብሩን ሲዘጋም የደንበኞቹን ዘፈን ከፍቶ ይሄዳል። በመተግበሪያ ብቻ የሚወጡ ዘፈኖች ቢያንስ አንድ ያልተቆለፈ ቅጂ በወመዘክር እንዲቀመጥ ቢደረግ ደግሞ የሃምሳ ዓመት በኋላ ተመራማሪ እንደ እኔ በሹክሹክታ መካከል ጆሮውን አያስጨንቅም ነበር።

በቅርቡ ወደ ሉማሜ ብቅ ባልሁ ጊዜ ሠላሳ ሦስት አሮጌ ካሴቶቼን በካርቶን ይዤ፣ በር ላይ «ዘፈን ይጫናል» የሚል ጽሑፍ ወደ ለጠፈ አንድ ወጣት ሱቅ ገባሁ። ወጣቱ ቴፕ ተውሶ ካሴቶቹን በየተራ እያጫወተ ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባቸው ሦስት ቀን ፈጀበት። ሁለቱ ክራቸው ተጣብቆ አልሆኑም፤ የቀሩት ሁሉ በአንዲት የጥፍር ያህል በምታንስ ሚሞሪ ካርድ ላይ ገቡ። በመካከሉ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው በመተግበሪያ የከፈለችላቸው መዝሙር በአሮጌው ስልክ ላይ እንዳለ ነግረውት፣ ወደ አዲሱ እንዲያዛውርላቸው ለመኑት። ወጣቱ መተግበሪያውን ከፍቶ አየና፣ «እትዬ፣ ይኸ እንኳ በእኔ እጅ አይሆንም፤ የልጅዎ የምስጢር ቁጥር ካልመጣ አይከፈትም» አላቸው። እርሳቸው ካርቶኔንና የሚዞረውን ካሴት ተራ በተራ ተመለከቱና፣ «የእሳቸው አሮጌው ሁሉ እየሆነ፣ የእኔ አዲሱ ምን ሆኖ ነው?» አሉት። ከዚያም ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ልጁ ሙያውን ገና ያልተማረ መስሏቸው፣ ሌላ ሱቅ ፍለጋ ወደ ገበያው በኩል ሄዱ።